ከቅናት በቀር ደህና ነኝ

ኦስሎ፣ ትቬይታ
ሰኔ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለአብርሽ፣

እንደምን ሰነበትክ? ትሮምሶ አሁንም ጃኬት ያስለብሳል ወይስ ለእናንተም በጋው ገባላችሁ? እኔ አምላክ ይመስገን፣ ከቅናት በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ተሽሎታል። መዋዕለ ሕፃናቱ፣ ባርነሃገው፣ ደረጃውን የምታጸዳ ሌላ ሴት ስለቀጠረ እኔ አሁን የምይዘው የሕፃናቱን ክፍሎች ብቻ ነው።

እናቴ ደብዳቤ ጻፈች ብለህ እንዳትደነግጥ፤ የሞተ ሰው የለም። ባለፈው በቪዲዮ ስናወራ ፍሪጅህ ላይ የተለጠፉ ፖስት ካርዶች አየሁ። ከማን ናቸው ብልህ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ ከቶሪል አልከኝ። የአሮን እናት ካርድ ትጽፍልሃለች፣ አንተም ትለጥፈዋለህ። እኔ ስደውል ግን "እማዬ፣ በኋላ ልደውልልሽ" ነው። እንግዲህ እኔም መጻፍ አያቅተኝም። ይህንንም እዚያው ለጥፈው፣ ቦታ ከተረፈ።

ወደ ነገሩ ልግባ። ሐሙስ ዕለት ቶሪል ደወለችልኝ። ቁጥሬን ከአሮን ነው የወሰደችው። ስለ ኦገስቱ ጉዞ ብንመካከር ብላ ነው፤ አሮን ሠላሳ ዓመት ስለሚሞላው እስፔን፣ ቶሬሞሊኖስ የምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ልትወስዳችሁ ነው። "አብርሽ ነግሮሻል አይደል?" አለችኝ። ነግሮኛል አልኳት። ዋሸሁ። ምን ላድርግ፣ ልጄ ለአንቺ የነገረሽን እኔን ደብቆኛል ልበላት?

ቅዳሜ ትቬይታ ሴንተር ያለው ካፌ ተገናኘን። እኔ ለሠርግ የምለብሰውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሼ፣ ጸጉሬን ተሠርቼ ሄድኩ። እሷ በስፖርት ጫማ መጣች። ገና ሳንተዋወቅ አቀፈችኝና ልታዝዝ ሄደች፤ ስትመለስ ለራሷ ክሬም የተቆለለበት ኬክ፣ ለእኔ የተቆራረጠ ፍራፍሬ ይዛለች። "ጾም ላይ እንደሆንሽ አብርሽ ነግሮኛል" አለችኝ። እስቲ አስበው፣ እኔ ስለ እሷ የማውቀው ስሟን ብቻ ነው፤ እሷ ጾሜን ሳይቀር ታውቃለች። ፍራፍሬው ጥሩ ነበር። በልቼ ጨረስኩት፤ ንዴቴ ግን አልበረደም።

ከዚያ ታብሌቷን አወጣች። ሆቴሎቹን ልታሳየኝ ስትከፍተው በመጀመሪያ የመጣው የአንተ ፎቶ ነው። እስከ አንገትህ ባሕር ውስጥ ገብተህ ትስቃለህ። አንተ! አራተኛ ክፍል ሳለህ ለዋና ትምህርት በሄዳችሁ ቁጥር አስተማሪህ ትደውልልኝ ነበር። ከሥራ ወጥቼ፣ ሮጬ መጥቼ፣ ገንዳው ዳር አግዳሚው ላይ ካልተቀመጥኩ እግርህን እንኳ አትነክርም ነበር። "ዋና ያስተማርኩት እኔ ነኝ" አለችኝ ቶሪል፤ "ሂታችን ባሕሩ ዳር ነው፣ ሁለት በጋ ፈጅቶብናል።" ሁለት በጋ! ሂታ ማለት የገጠር ቤታቸው መሆኑን አውቃለሁ፤ አንተ ግን ለእኔ በጋውን በሙሉ ሥራ ነበርኩ ነው ያልከኝ። ያን ጊዜ ቀናሁ፣ ልጄ። እንደዚያ ቀንቼ አላውቅም። አባትህ በሕይወት ሳለ እንኳ እንዲህ አላቃጠለኝም።

ቶሪል ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም፤ ክፉ ብትሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ሆቴሎቹን አንድ በአንድ አሳየችኝ። አንዱ ሙዚቃው እስኪነጋ የማይቆምበት ጎዳና ላይ ነው፤ ለወጣት እንጂ ለእኛ አይሆንም አልኩ። ሁለተኛው ከባሕሩ ትንሽ ራቅ ይላል፣ ግን ሰገነቱ ሰፊ ነው። በሩ ላይ የማርያም መቀነት የመሰለው ባንዲራ ተሰቅሏል። ትርጉሙን ልታስረዳኝ ስትጀምር፣ የእኛ ባርነሃገም ሰኔ ላይ ይሰቅለዋል፣ በየዓመቱ ከካርቶን አውጥቼ በካውያ የምተኩሰው እኔ ነኝ አልኳት። በዚያች አንድ ነገር እንኳ በልጫታለሁ።

ታዲያ ለምን እዚያ ከተማ ብዬ ጠየቅኳት። ባሕር እንደሆነ እዚህም ሞልቷል። እዚያ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቢሄዱ ዞሮ የሚያያቸው ሰው የለም አለችኝ። ኦስሎስ ማን ያያቸዋል ስላት ኬኳን በሹካ ስትነካካ ቆየችና እንዲህ አለችኝ፤ "ወደ አንቺ ሲመጡ ባቡሩ ትቬይታ ሲቃረብ አብርሽ የአሮንን እጅ ይለቃል። አሮን ይገባዋል፣ አይቀየምም። ግን ይለቃል።"

ባለፈው ዓመት በጋ ሁለታችሁ ደጄ ላይ ስትቆሙ፣ አንተ ከፊት፣ እሱ ሻንጣውን ይዞ ሁለት እርምጃ ከኋላ፣ እንዴት ያለ ዓይን አፋር ጓደኛ ነው ብዬ ነበር።

ቀኑን ስጠይቃት ደግሞ የባሰው መጣ። ኦገስት አጋማሽ ነው አለችኝ። የአሮን ልደት መቼ ነው? በወሩ መጨረሻ። ታዲያ ለምን በወሩ መሐል ትሄዳላችሁ? "ቀኑን የመረጠው አብርሽ ነው" አለችኝ። "አንቺ ያን ጊዜ በኦገስቱ ጾም ላይ ስለምትሆኚ አትመጪም አለን። እኔ ግን ሳላገኝሽ መሄድ አልፈለግኩም።"

አብርሽ፣ ፍልሰታን! የዓመት ፈቃዴን ሁልጊዜ ለፍልሰታ እንደማደርገው ታውቃለህ። ከልጅነትህ ጀምሮ ቅዳሴ አብረኸኝ ስትቆም ኖረህ፣ ረስቼው ነው ብትለኝ አላምንህም። እያወቅክ ነው የመረጥከው። አትምጪ ማለት ከብዶህ ድንግል ማርያምን ከፊት አቆምክብኝ።

ለምን እንደሆነም ገብቶኛል። በገና ማግስት ደውለህ አሮን ለአንተ ምን እንደሆነ ስትነግረኝ፣ "እሺ" አልኩና "ምሳ በላህ ወይ?" ብዬ ጠየቅኩህ። አንተም በልቻለሁ ብለህ ስልኩን ዘጋህ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አላነሳኸውም። በሩን የዘጋሁብህ መስሎህ ነው። ልጄ፣ እኔ የምናገረው ሲጠፋኝ ምግብ ነው የምጠይቀው። አባትህ የሞተ ዕለት ሊያስተዛዝን የመጣውን ሁሉ በልታችኋል ወይ እያልኩ ነው የዋልኩት። ይህን ከአንተ የተሻለ ማን ያውቃል?

ለማንኛውም ቶሪልን ቀኑን ቀይሪው አልኳት። ጾሙ ኦገስት በሃያ ሁለት ይፈታል፣ በሃያ አራት እንሄዳለን፣ ልደቱም እዚያው ይደርስልናል። ደስ አላትና ወዲያው ለሆቴሉ ጻፈች፤ እሺ ብለዋል። ለአብርሽ ልንገረው ስትለኝ፣ የእሱን እኔ እነግረዋለሁ አልኳት። ይኸው ነገርኩህ። የምትሠራበትን ሆስፒታል ጠይቀህ ፈቃድህን አዛውር። እንድመጣ ካልፈለግክም በራስህ አፍ "እማዬ፣ አትምጪ" በለኝ፤ በጾም አታሳብብ። እሰማሃለሁ። አለቅሳለሁ፣ ግን እቀራለሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እየሩሳሌም የኦገስት መጨረሻውን ዝክር አንቺ ታዘጋጂዋለሽ ወይ አለችኝ። የማኅበራችንን ነገር ሁሉ የምትይዘው እሷ አይደለች? እኔ የለሁም፣ ከአብርሽና ከአሮን ጋር እስፔን ነኝ አልኳት። "አሮን ደግሞ ማነው?" አለችኝ። "የአብርሽ ነው" አልኳት። ሌላ አልጨመርኩም። እሷም አየችኝና ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች። እስከ መጪው እሑድ ምን እንደሚወራ አላውቅም። የሚመጣውን እኔ እችለዋለሁ። ከእንግዲህ ትቬይታ ላይ የልጁን እጅ ብትለቅ የራስህ ጉዳይ ነው፣ በእኔ እንዳይሆን።

አንድ ነገር ቀረኝ። ካፌው ውስጥ ክፍሎቹን ስትይዝ ቶሪል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ለአንቺ ይቀልሽ እንደሆነ የልጆቹን ክፍል ባለ ሁለት አልጋ ላድርገው ወይ አለችኝ። እኔ ልጆቹ እላለሁ፤ እሷ ፍቅረኛሞቹ ነው የምትለው፣ ለእኔ ብላ ነው በዚያ ሰዓት ልጆቹ ያለችው። ጠረጴዛውን አየሁ። ከዚያ፣ "አብርሽ ከልጅነቱ ጀምሮ በእንቅልፉ ይንፈራገጣል" አልኳት። "አንድ ካደረግሽው ሰፊ ይሁን።"

ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ሳቀች። አሮንም ይህንኑ ነው የሚለው አለችኝ፤ ሌሊት ብርድ ልብሱን ገፍቶ ይጥላል፣ አሮንም እየተነሳ ያለብሰዋል። እኔም አብሬያት ሳቅኩ። ቤቴ ስገባ ግን ሳቄ ጠፋ። ከድሮው የትሮስተሩድ ቤታችን ጀምሮ፣ ከሌሊት ሥራ ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ መጀመሪያ የማደርገው የወደቀውን ብርድ ልብስ አንስቼ አንተን ማልበስ ነበር። ይህን በዓለም ላይ ከእኔ በቀር የሚያውቀው ያለ አይመስለኝም ነበር። በቶሪል የጀመረኝ ቅናት ወደ አሮን ዞረ። ቢሆንም ያን ዕለት፣ ትሮምሶ ከሄድክ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በርዶት ይሆን ሳልል ተኛሁ።

የዋና ልብስ ገዝቻለሁ፣ ጥቁር ነው፣ እጅጌ ያለው። ዋና የምታስተምረኝ አንተ ነህ። ቶሪል እሞክራለሁ ብላለች፤ እሷ እንዳትነካኝ።

ድንግል ማርያም በመቀነቷ ሁለታችሁንም ትጠብቅልኝ፤ መግባት መውጣታችሁን ታሳምረው።

ከዚህ በላይ የምለው ጠፋኝ። አሮን ምሳ በልቷል?

እናትህ ፋናዬ