ማሽኑ እንዳይደክም ለተደረገው ጥንቃቄ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ዋና ዳይሬክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ከቢሮዎ ጀርባ ላለው የግል መጸዳጃ ቤትዎ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። የመጨረሻውን የጨመርኩት ለቀልድ አይደለም። ሰው እንደኔ ሲሆን የሚቀናው በሌላው ቤት ስፋት ሳይሆን ከወንበሩ እስከ መጸዳጃው ባለው አጭር መንገድ ነው።

እኔ በሬዲዮ የቀትር ዜና አንባቢ ነኝ። ድምፄን ምናልባት ያውቁት ይሆናል፤ ፋይሌን ግን ያዩት ስለማይመስለኝ ባጭሩ ልንገርዎት። የአከርካሪ ነርቮቼን የሚጎዳ በሽታ አለብኝ። እግሬን ትንሽ ቢያዝለኝም ክፉኛ ያበላሸው አንጎሌና የሽንት ፊኛዬ የሚነጋገሩበትን መስመር ነው፤ ፊኛዬ ሳልጠራው ይነሳል፣ ከተነሳም አንድ ዓረፍተ ነገር እስክጨርስ አይታገሰኝም። የዜና ክፍል አለቃችን ደግ ሰው ስለሆነ በስርጭት መሃል ጥዬ ስወጣ ሙዚቃ ለቆ ሸፍኖልኛል። ለቀጣዩ ግን እሱም ጨንቆት፣ አንድ ጊዜ ከደገመሽ ከቀጥታ ስርጭት አንስቼ መዝገብ ቤት ላስቀምጥሽ ነው ብሎኛል። ዕድሜዬን የፈጀሁበት ሥራ ነው፤ ሌላ አላውቅም፣ ሌላም አልፈልግም።

እንግዲህ ተስፋዬ ሆስፒታልዎ ያስመጣው ሕክምና ነበር። ቁርጭምጭሚት አጠገብ ቀጭን መርፌ ይገባል፤ በመርፌው በኩል ለስለስ ያለ ኤሌክትሪክ ይላካል፤ ኤሌክትሪኩም የእግሩን ነርቭ ይዞ ወደ ላይ እየወጣ ፊኛውን የሚያዙትን ነርቮች ያረጋጋል ይባላል። በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት፣ ለሦስት ወር ነው። የማሽኑን አጠቃቀም ሊያስተምሩ የመጡት ሴት ሐኪም የመጀመሪያውን ቀን ራሳቸው ሠርተውልኝ፣ የእግሬ አውራ ጣት ወደ ታች እጥፍ ስትል እያሳዩኝ፣ ጣትሽ ካልተንቀሳቀሰች ወይም ውስጥ እግርሽን ካልነዘረሽ ኤሌክትሪኩ ነርቩን አላገኘውምና ዝም ብለሽ እንዳትተኚ ብለው አስጠነቀቁኝ። ዝም ብዬ ስላልተኛሁም ነው ይህን ምስጋና በቁጥር ለማቅረብ የበቃሁት።

፩. ለማሽኑ ስለሚደረገው እንክብካቤ። ከፋብሪካ የመጣበት ላስቲክ እስካሁን አልተላጠም። ሥራ ሲጨርስ እንደ እንግዳ ክፍል ቴሌቪዥን ጥልፍ ያለው ጨርቅ ይደረብበታል። የእኛ አልጋ አንሶላ የለውም፤ ይህን ያነሳሁት ግን ለማወዳደር አይደለም።

፪. ስለ አረንጓዴዋ መብራት። ሐኪሟ ከሄዱ በኋላ ጣቴ ንቅንቅ ብላ አታውቅም። ሲስተሯን በጠየቅኋት ቁጥር፣ በርቷል እኮ እናቴ፣ አረንጓዴውን አታዪውም እንዴ ትለኛለች። አየዋለሁ። ተጠራጣሪ መሆኔን አልክድም፤ ታናሽ እህቴ፣ አንቺ ደግሞ ሰላምታ ሲሰጡሽም ምን ፈልገው ነው ትያለሽ እያለች ታሾፍብኛለች። ብቻዬን እንዳልሆን ብዬ ከጎኔ በዚያው ማሽን ሁለተኛ ገመድ የሚታከሙትን፣ ከመኪና አደጋ ወዲህ ሽንታቸውን መቆጣጠር ያቃታቸውንና ሁላችንም ሹፌሩ የምንላቸውን አዛውንት እግር መሰለል ጀመርኩ። የእሳቸውም ጣት ያው ነው፤ ባለቤትየውም ጥልቅ እንቅልፍ ላይ ናቸው። ከዕለታት አንድ ቀን በሕንጻው ሁሉ ኤሌክትሪክ ተቋረጠ፣ ማሽኑም አብሮ ጠፋ። ሹፌሩ እንዳንኮራፉ፣ እኔም እንደተጋደምኩ ሰዓታችንን ጨረስን፤ የሁለታችንም እግር ልዩነቱን አላወቀውም። የዚያን ቀንም ሕክምና ተሰጥቷቸዋል ተብሎ ተጻፈልን።

፫. ስለ ክቡራን እንግዶችዎ። ማሽኑን ሊጎበኙ ካሜራ አስከትለው በመጡ ዕለት አንድ ነገር ጎድሎ አየሁ። የኤሌክትሪኩን መጠን የሚጨምረው መዞሪያ ላይ ሁልጊዜ ነጭ የቁስል ፕላስተር ተለጥፎ አየው ነበር፤ ተሰንጥቆ ይሆናል እል ነበር። ያን ቀን ፕላስተሩ ተነስቷል። ሲስተሯ መዞሪያውን አዞረች፤ ውስጥ እግሬን ነዘረኝ፤ ጣቴም እጥፍ አለች። አለቀስኩ። ፎቶ አንሺዎ የደስታ እንባ መስሎት አንስቶኛል፤ በግድግዳዎ ላይ የተሰቀለው ያ ፎቶ የንዴት መሆኑን በዚህ አጋጣሚ ላርምልዎት። በሳምንቱ ስመለስ አዲስ ፕላስተር ተለጥፎ ጠበቀኝ።

እህቴ ሰው ማናገር ስለምታውቅበት ንብረት ክፍል ሄዳ ጠየቀች። ኃላፊው ምንም አልደበቋትም። ማሽኑ አንድ ለእናቱ ስለሆነ፣ መለዋወጫውም ስለማይገኝ፣ መዞሪያው ከሁለተኛው ምልክት እንዳያልፍ በፕላስተር እንዲያዝ እርስዎ ራስዎ ማዘዝዎን በኩራት ነገሯት። «ያለበለዚያማ በሽተኛው ሁሉ ኤሌክትሪኩን እየጠጣ ማሽኑን ያደክመዋል» አሏት። ሳቋን ለመያዝ ብዙ ታግላለች፤ ቤት ደርሳ ስትነግረኝ ግን ሁለታችንም አልሳቅንም።

፬. ስለ ውሳኔዎ። ባለፈው ሳምንት የሐኪሞች ቦርድዎ፣ በነርቭ ማነቃቂያ ሕክምና ለውጥ አላሳየችም ብሎ፣ ሆዴ ተበስቶ ቋሚ የሽንት ቱቦ እንዲገባልኝ ወስኗል። ቱቦው ያሳረፋቸው ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ሌላ መንገድ ከጠፋ እኔም እሺ እላለሁ። ሕክምናው ለሁሉም እንደማይሠራ፣ ለኔም ላይሠራ እንደሚችል ሐኪሟ ሳይደብቁ ነግረውኛል። ግን ክቡርነትዎ፣ እኔ እኮ ሕክምናውን አላገኘሁም! ያልተሰጠኝን ነገር አልሠራልሽም ተባልኩ፤ ጥፋቱም የሰውነቴ ሆነ። ይህ ያናድደኛል፤ ማታ ሳስበውም ያስፈራኛል።

ስለዚህ ሆዴ ከመበሳቱ በፊት ፕላስተሩ ተነስቶ፣ ጣቴ እየታየች፣ ሦስት ወሩ ከመጀመሪያው እንዲቆጠርልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። ለሹፌሩም እንዲሁ፤ እሳቸው ተኝተው ስለሆነ እኔ ልጠይቅላቸው። ማሽኑ በዚህ ምክንያት ቢበላሽም፣ ሲሠራ ነው የተበላሸው ይባልለታል።

ለንብረት ያለዎት ርኅራኄ አንድ ቀን ባለንብረቶቹንም ይነካ ዘንድ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከዚያ ከማይተናነስ ጥርጣሬ ጋር፣

ቁርጭምጭሚቷን ሰጥታ የምትጠብቅ ታዛዥ ታካሚዎ፣
የቀትር ዜና አንባቢዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ የሕዝብ ግንኙነት ክፍልዎ ስለ ሕክምናው ስኬት ያወጣው መግለጫ ጣቢያችን ደረሰና፣ ዛሬ ቀትር ላይ እንዳነበው ለእኔው ተሰጠኝ። «የሕክምናው ተጠቃሚዎች በሙሉ ሽንታቸውን መቆጣጠር» ከሚለው ደርሼ፣ ቀሪውን ሳልጨርስ ከስቱዲዮ ለመሮጥ ተገደድኩ። ሬዲዮዎ የተበላሸ መስሎዎት ከነበረ ደህና ነው፤ እንክብካቤ የጎደለው ንብረት የለዎትም። ከነገ ጀምሮ ዜናውን የምታነበው ሌላ ልጅ ናት፤ መግለጫዎን ከመጀመሪያው ጀምራ እስከ መጨረሻው ታነብልዎታለች።