አሞኛል የማትለዋ ልጃችን

ውድ ባለቤቴ፣

አንቺ ያለሽበት ደብዳቤ እንደማይደርስ አላጣሁትም። ግን ለማን ልንገረው? እናቴ እንደሆነች ገና አፌን ስከፍት ታለቅሳለች።

ድምቡሼ (አሁንማ ስሙ ብቻ ነው የቀረው፣ የስኳር በሽታው አክስቷታል) ሰኞ መዋዕለ ሕፃናት ትገባለች። መምህርቷ ደግ ሴት ናት፤ ግን እቅጩን ነገረችኝ። "የድምቡሼ አባት፣ ክፍል ሙሉ ልጅ ነው የምይዘው። ስኳሯ ሲወርድ ራሷ ካልነገረችኝ እንቅልፍ መጥቶባት ነው ብዬ ላልፋት እችላለሁ።"

ስለዚህ ማስተማር ጀመርኩ። ከስፌት ቤቴ ቁርጥራጭ ጨርቅ ለቅሜ አሻንጉሊት ሰፋሁላት። "እጇ ሲንቀጠቀጥ፣ ሲያልባት ምን ትበል?" ስላት፣ እንደ ሐኪም ኮስተር ብላ "አሞኛል ትበልና ጭማቂ ትጠጣ" ትላለች። ለአሻንጉሊቷ ጎበዝ ናት። ለራሷ ሲሆን ግን ከንፈሯ ነጥቶም መልሷ "ደህና ነኝ" ነው። ትናንት ዓይኗ ፈዞ ወንበር ላይ ተዝለፍልፋ አገኘኋት። እየለመንኩ ጭማቂ አጠጣኋት። ነፍስ ስትዘራ ምን አለች? "ደህና ነኝ።" ያንቺው ድምፅ ነው። ስንቴ ሆድሽን ይዘሽ፣ ግድግዳ ተደግፈሽ "ደህና ነኝ፣ አትጨቅጭቀኝ" ብለሽኛል።

ዛሬ ከምሳ በፊት ትዕግሥቴ አለቀና ጮህኩባት። "ለምንድነው የማትነግሪኝ?"

አሻንጉሊቷን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ "እማዬ አሞኛል ስትል ወሰዷት" አለችኝ።

ክው አልኩ። ለካ አምቡላንሱ ሲወስድሽ በር ላይ ቆማ ነበር። አሞኛል ስትይ የሰማችሽ ያን ቀን ብቻ ነው።

ወለሉ ላይ አጠገቧ ቁጭ አልኩና እማዬ ያልተመለሰችው ስለተናገረች ሳይሆን ሳትናገር ስለቆየች ነው አልኳት። ይቅር በይኝ፣ በልጅሽ ፊት ከሰስኩሽ። ተናድጄብሻለሁ። ሐኪሙ "ምነው ቀደም ብላችሁ ብትመጡ" ያለኝ እስከዛሬ ያቃጥለኛል።

"ቶሎ ብትናገር ትመለስ ነበር?"

"አዎ፣ ልጄ።"

እጇን ዘረጋችልኝ። ይንቀጠቀጣል።

"አባዬ፣ አሞኛል። እንዳትሰጣቸው።"

ጭማቂዋን እያጠጣሁ አልሰጥሽም ብዬ ማልኩላት። አንድ ቀን ከአቅሜ በላይ ሲሆን ግን ተሸክሜ የምሰጣቸው እኔው ነኝ። ከዚያ ወዲያ አሞኛል ትለኝ ይሆን?

ብቻውን ጥለሽው የሄድሽው፣
ባልሽ