ቆቡን የጣለው መነኩሴ

ሰኞ፣ ኅዳር 9

አስነቀለው! ደምሴ የሚሉት የጣውላ ፋብሪካችን ኃላፊ ዛሬ የመጋዙን ቆብ አስነቅሎ ቆሻሻ ክምር ላይ አስጣለው። ቆብ የምንለው ከመጋዙ ጥርስ በላይ የሚደፋውን የብረት መከለያ ነው። መጋዙን ራሱን «መነኩሴው» እንለዋለን፤ ቆብ ደፍቶ ቀኑን ሙሉ ሲያጉረመርም ይውላላ። ስሙን ያወጡለት መካኒኩ አያ ሞላ ናቸው።

ምክንያቱ? ኮታ። የኮምፖርሳቶውን ጠርዝ አንድ በአንድ መከርከም ጊዜ ይፈጃል፣ ሁለት ሁለት ደርባችሁ ግፉ ነው። ሁለት ሲደረብ ደግሞ ከቆቡ ሥር አያልፍም። ስለዚህ ቆቡ ይውለቅ! ጓድ ኃላፊ ከአዲስ አበባ ከመጣ ገና ሦስት ወሩ ነው። እንጨት የሚያውቀው ወንበር ከሆነ በኋላ ነው።

«ጓድ፣ እጅ ይሄዳል» አልኩት።

«ለአብዮቱ ስንት ሕይወት ተከፍሏል፣ አንተ ስለ ጣት ታወራለህ!» አለኝ። የሱን ጣቶች አየኋቸው። እንደ ሙሽራ ጣት የለሰለሱ ናቸው።

ስንወጣ እንደ ልማዳችን በር ላይ እጃችንን አነሣን። አያ ሞላ ሁለት ጣታቸውን በዚሁ መጋዝ አጥተው ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ከተኙ ወዲህ ጣታችንን ሳንቆጥር አንለያይም። ጥሩወርቅ አስር። እኔ አስር። «ስምንት፣ እንደ ቅዳሜው» አሉ አያ ሞላ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ደርበን ገፋን። የላይኛው ተንሸራተተና መጋዙ ቁራጩን ወደ እኔ ወረወረው። ጎኔን አገኘኝ፤ ትንፋሼ ቀጥ አለ። ጥሩወርቅ «እኔን! እኔን ይብላኝ!» እያለች ሮጣ ደገፈችኝ። ከመጋዙ ወዲያ ቆማ የተከረከመውን የምትቀበለኝ እሷ ናት። የአገው ልጅ ናት፣ ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ልጆች በእጇ ያሉ።

ኃላፊው በመስኮት ብቅ ብሎ «ለምን ቆመ?» አለ። ስለ መጋዙ ነው የጠየቀው። አፈር ይብላ!

ጎኔ ጠቁሯል። ስስቅ ያመኛል። ደግነቱ የሚያስቅ ነገር የለም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ጠዋት መጋዙ ላይ በጠመኔ ጻፍኩ፦ «ለመነኩሴው ቆቡ ይመለስለት።» ጥፋቴ ይኸው ነው።

ከምሳ በኋላ የመጋዙን ሠራተኞች፣ ሦስታችንን፣ ቢሮ ጠራን። ፊቱ በርበሬ መስሏል።

«መነኩሴው ማነው? ከየትኛው ገዳም ነው? የት ደበቃችሁት?»

የሚቀልድ መስሎኝ ነበር።

«ይመለስለት ማለት ምንድን ነው? የገዳም መሬት ይመለስ ነው?»

አያ ሞላ «ኧረ ጓድ፣ መነኩሴውማ መጋዙ ነው» አሉት።

«በቅኔ አታታልሉኝ! ጎጃሜ ሰሙን ሰጥቶ ወርቁን እንደሚደብቅ ነግረውኛል!» ብሎ ጠረጴዛውን ደበደበ። ወይ ጉድ! ወርቅ የሌለው ሰም ብንነግረው አላምን አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ጥሩወርቅ ደንግጣ «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» አለችው።

«ባለፈው ወር የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀት በእጄ አልሰጠሁሽም? ውሸታም! አንቺ ነሽ የጻፍሽው!»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አልኩ።

ፍርዱ፦ እኔ ወደ ግንድ ማራገፊያ። ጥሩወርቅ በእኔ ቦታ፣ መጋዙ ፊት፣ ያለ ቆብ። አንድ ቀን ገፍታ የማታውቅ ሴት! ቢያስረኝ ይሻለኝ ነበር። የጻፈው የኔ እጅ፣ የሚከፍለው የሷ እጅ። እንዲህ ያለ ፍርድ የት አገር ነው?

ሐሙስ፣ ኅዳር ሚካኤል

መጋዙ አልተነሣም። ለበዓሉ ብሎ አይደለም፤ «የጽዳት ዘመቻ» ነው አለን። ስሙን ለወጠና ከአያት ከቅድመ አያት በዚህ ቀን የምናደርገውን አስደረገን፦ ቆሻሻ ሰብስበን አቃጠልን። ሰጋቱራ፣ ቅርፊት፣ የተሰነጠቀ ኮምፖርሳቶ። ቡሬ በሙሉ ጭስ ብቻ ነበር።

እሳቱ ሲበርድ ጥሩወርቅ አመዱን በእንጨት ስትቆሰቁስ ቆቡ ብቅ አለ። ከሰል መስሏል እንጂ አልተጣመመም።

«ይኸው፣ መነኩሴያችን አሁን ገና ደህና ቆብ አገኘ» አሉ አያ ሞላ በሹክሹክታ። ጎኔን ይዤ ሳቅሁ። ቆቡን ከግንዶቹ ሥር ሸሸግሁት።

እሷ አልሳቀችም። «ወንድምዓለም፣ ነገ የምቆመው እኔ ነኝ» አለችኝ።

አርብ፣ ኅዳር 13

ቆማ ዋለች። ግንድ ስሸከም ጆሮዬ እዚያው ነበር። መጋዙ ሲታነቅ ድምፁን አውቀዋለሁ። አራት ጊዜ ታነቀ፣ አራት ጊዜ ግንዴን ጥዬ ሮጥኩ። በአራተኛው እጅጌዋን እስከ ክርኗ ቀዶታል። ክንዷን ጫረው እንጂ አልቆረጠውም፤ ሚካኤል ነው ያወጣት። ያ ደንቆሮ ግን «ልብስሽን ሰብሰብ አድርጊ!» ብሏት ወደ ቢሮው ገባ።

በር ላይ እጇን አላነሣችም።

«ጥሩዬ፣ አሳዪን እንጂ።»

«ነገ ባላሳያችሁስ?» አለችኝና ሄደች።

ምሽት ላይ አያ ሞላ ቤቴ ድረስ መጡ። «ልጄ፣ በብሎን ያሰርነው በመፍቻ ይፈታል። በማይፈታ የሪቬት ምስማር ብንቀጠቅጠውስ?» አሉኝ። «ጎህ ሳይቀድ እንገናኝ» አልኳቸው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ሠራተኛው ሳይገባ ገባን። ዘበኛው መዶሻችንን አይቶ «እኔ ውኃ ልቅዳ» ብሎ ዞር አለ፤ እግዜር ይስጠው። ቆቡን ከግንዶቹ ሥር አውጥቼ እኔ ያዝኩ፣ አያ ሞላ በስምንት ጣታቸው ቀጠቀጡ። በየቀዳዳው ሪቬት። አሁን ቆቡን የፈለገ መጋዙን መሰባበር አለበት፤ መጋዙ ደግሞ የመንግሥት ንብረት ነው። ይሞክራታ!

ኃላፊው መፍቻ አስመጣ። ዞሮ ዞሮ የሚፈታ ብሎን አጣ። «ማነው ይህን ያደረገው?» ሲል ከኋላ አንዱ «መነኩሴው ራሱ ይሆናል» አለ። ሳቅ ሆነ። እሱ አልሳቀም። ሰኞ ጠዋት ቀበሌ እንድቀርብ ወረቀት ሰጠኝ፣ ለእኔ ብቻ። የአያ ሞላን ስም ከአፌ አያገኙትም። ግን ፈርቻለሁ፤ ለራሴ ምን እዋሻለሁ።

ጥሩወርቅ አንድ በአንድ እየገፋች ዋለች።

በር ላይ ሁለት እጇን ፊቴ ድረስ አምጥታ ዘረጋችልኝ። ቆጠርኩ፣ አስር። እኔም አነሣሁ። ጣቶቼን አንድ በአንድ እየነካች ቆጠረቻቸውና፣

«ሰኞ ማታ እዚሁ በር ላይ ቆሜ ደግሞ እቆጥራቸዋለሁ» አለችኝ።