ሙሽራዋ ወይስ በቅሎዋ

ሰኞ

ፊደሎቹ አሁንም ሳጥን ናቸው። አማርኛው ደህና ይታያል፤ ትግርኛው ላይ «ቐ» ባለበት ሁሉ ባዶ ሳጥን ተደርድሯል።

የኦንላይን ስልጠና ማዘጋጃ ሁለት ሶፍትዌር ፊቴ አለ። እስከ አርብ አንዱን መምረጥ አለብኝ። አንደኛዋን ሙሽራዋ ብያታለሁ፤ ሁሉ ነገሯ ያምራል፣ ግን ያለ ኔትወርክ ከቤት አትወጣም። ሁለተኛዋ በቅሎዋ ናት። መልክ የላትም፣ ፊደል ትበላለች፣ ግን አንዴ ስልክ ላይ ከተጫነች ኔትወርክ ኖረ አልኖረ ትሄዳለች።

ትምህርቱ ለአዋላጆች ነው፦ እናት ወልዳ ደሙ አልቆም ሲል ምን እንደሚደረግ። አለቃዬ አቶ ሐጎስ ዛሬም ደገሙት፤ ሙከራው ካልሠራ ስልጠናው ወደ አዳራሽ ይመለሳል። አዳራሽ ማለት መቀሌ ድረስ መምጣት ነው። ተተኪ የሌላት አዋላጅ ደግሞ ወላድ ጥላ አትመጣም። ሳትሠለጥን ትቀራለች።

ይህን እያሰብኩ በመስኮት ደመና ሳይ ቆየሁ። ደሴ ያለችው እናቴ «የዚች ልጅ ግማሿ ሰማይ ላይ ነው» ትላለች። አልዋሸችም።

ማክሰኞ

ሙሽራዋ ረታችኝ። ሥዕሉን ጎትቼ ያስቀመጥኩበት ይረጋል፤ ቀለሙ እንደ ማለዳ ነው። ፈተናው ላይ የሚቆጥር ሰዓት ጨመርኩበት። ጊዜው ሲያልቅ ይዘጋል። አረንጓዴው ክብ ሲዞር እያየሁ ሻዬ ቀዘቀዘ።

ከሰዓት በኋላ፣ ለጊዜው በአማርኛ ብቻ የተዘጋጀውን ትምህርት ሊንክ ከቁሓ ወዲያ ወዳለው ጤና ጣቢያ ላክሁ። የአዋላጆቹ ኃላፊ ሲስተር ለተብርሃን ደውላ ደርሶናል አለችኝ። ከኋላዋ ብዙ ሴቶች ይስቃሉ። ደስ አለኝ።

ረቡዕ

ሪፖርቱን ከፈትኩ። የገባችው ለተብርሃን ብቻ ናት። እሷም ፈተናውን ደጋግማ ጀምራ ደጋግሞ ተዘግቶባታል። የሌሎቹ ስም ግራጫ እንደሆነ ተቀምጧል።

መጀመሪያ አፈርኩ፣ ቀጥሎ ተናደድኩ። አቶ ሐጎስ አይተው መነጽራቸውን አወለቁ። ሰዎቹ አልፈለጉትም፣ አዳራሽ እንፈልግ አሉ። እስከ አርብ ታገሱኝ ብዬ ለመንኳቸው።

ወደ ቤቴ፣ ወደ ዓዲ ሓቂ፣ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ አሸለብኩ። ሳጥኖቹ ተከፍተው ከየውስጣቸው ፊደል ሲወጣ አየሁ። ፊደሎቹ አሁን እንደተወለደ ልጅ እርጥብ ነበሩ። ረዳቱ ቀሰቀሰኝ፤ መውረጃዬ አልፏል።

ሐሙስ

ሄድኩ።

አዋላጆቹ አንድ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። መሃል ላይ አንድ ስልክ፣ የለተብርሃን። አማርኛውን ወደ ትግርኛ እያዞረች ታነብላቸዋለች። ጥያቄ ሲመጣ ክርክሩ ተነሣ። አንዷ እንዲህ አይደለም አለች፣ ሌላዋ ባለፈው የገጠማቸውን አነሣች፤ በዚህ መሃል ጊዜው አለቀና ተዘጋባቸው። ያ የሚያምረው አረንጓዴ ሰዓቴ። እነሱ ሳቁ። እኔን መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ለምን በየስልካችሁ አልገባችሁም ብዬ ጠየቅሁ። ጥያቄው ለተብርሃንን ግራ አጋባት።

«ብሓባር ኢና ንመሃር፣ ሓፍተይ» አለችኝ፤ አብረን ነው የምንማረው፣ እህቴ ማለቷ ነው። ከዚያ በአማርኛ ቀጠለች። «ደም ሲፈስ አንዷ ማሕፀን ታሻለች፣ አንዷ መርፌ ትወጋለች፣ አንዷ እናቲቱን ታናግራለች። ብቻችንን የማንሠራውን ለምን ብቻችንን እንማረው?»

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ይላል ያገሬ ሰው። ይህን እያወቅሁ ለእያንዳንዷ ሃምሳ ሃምሳ ላሸክም ነበር።

በቅሎዋን በላፕቶፔ ይዤ ሄጄ ነበር። ለተብርሃን የትግርኛውን ጽሑፍ ጮክ ብላ እንድታነብልኝ ጠየቅኋትና ድምፅዋን ቀዳሁ። ሳጥኖቹ ጋ ስትደርስ እንኳ አልተደናቀፈችም፤ ቃሉን ታውቀዋለች።

አርብ

በቅሎዋን መረጥኩ። ሰዓት የለም፣ የይለፍ ቃል የለም። የለተብርሃን ድምፅ አለ። የትግርኛውን ጽሑፍ እንደ ሥዕል አስገባሁትና ሳጥኑ ጠፋ። በመጨረሻው ገጽ ጥያቄ ያላት ትደውል ብዬ ቁጥሬን ጻፍኩ። ለለተብርሃን ላክሁላት።

አቶ ሐጎስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «ማን እንደተማረ በምን እናውቃለን?»

በቅሎዋ ሪፖርት አትልክም። ለተብርሃን በመለማመጃ አሻንጉሊት ትፈትናቸዋለች አልኩ፤ ድምፄ ግን ራሴንም አላሳመነኝም። እሺም እምቢም ሳይሉ ሰኞ እነግርሻለሁ አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ደመና እንኳ አላየሁም።

እሑድ

ሓወልቲ አካባቢ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ከማላውቀው ቁጥር የድምፅ መልእክት መጣ። ሴት ናት፤ ከኋላዋ ሕፃን ያለቅሳል። የጤና ጣቢያዋን ስም ነገረችኝ። ሩቅ ነው፣ እኛ እዚያ ምንም አልላክንም። ከቁሓ በኩል የመጣች ጓደኛዋ ናት ትምህርቱን ከስልክ ወደ ስልክ ያሳለፈችላት።

የቀረውን በትግርኛ ነው ያለችው፤ እንደገባኝ እጽፈዋለሁ። «እዚህ ብቻዬን ነኝ። ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ስትናገር ግን ሦስት የሆንን ይመስለኛል። ሁለተኛው ትምህርት አለ?»

ደጋግሜ ሰማሁት። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ አስተናጋጇ አይታ ውኃ አመጣችልኝ።

መልእክቱን ለአቶ ሐጎስ አስተላለፍኩላቸው። ሰምተውታል፣ ምልክቱ ሰማያዊ ሆኗል። መልስ ግን አልጻፉም።

ሁለተኛው ትምህርት ገና የለም። ላፕቶፑን ከፈትኩ።