ጠጅ ቤታችን «እውነት ቤት» ተባለልህ

ውዴ ገመቹ፣

ሰው ፊት አንቱ እልህ ነበር፤ ይህ ግን የጓዳ ወሬ ነውና አንተ እልሃለሁ፣ አትቆጣ። በሞት ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ዴዴሳ ሞልቷል። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ይነግረኛል። ፊደል ያስቆጠሩኝ የሚስዮን ሴቶች ለጠጅ ሻጭ ይጠቅማታል ብለው አልነበረም፤ በእነሱው ፊደል የመጠጥ ቤት ወሬ ስጽፍልህ ቢያዩ ያዝናሉ።

ገበያችንን ብታየው አታውቀውም። ወይዘሮ አስካለ የምትባል ሴት ከነቀምቴ በላምባ የሚሠራ ፍሪጅ በጭነት መኪና አስመጥታ ቢራ ቤት ከፈተች። መደብ የለም፤ ሁሉም መደገፊያ ባለው ወንበር ነው የሚቀመጠው። ከጃንሆይ ፎቶ ሥር ሬዲዮ አስቀምጣለች። ቢራው ከመቀዝቀዙ የተነሳ ወንዶቹ ጉንጫቸውን ይዘው ነው የሚጠጡት፤ ጥርሴን አመመኝ የሚል ግን የለም፤ ዘመናዊ ነዋ። እማማ ጫልቱም ጠላ ቤቷን ዘግታ ዲጋ ከተማ ልጇ ጋ ገባች። ደጇ ላይ ጣሳ የተደፋበትን፣ ጠላ አለ የሚለውን እንጨት ልብስ ሰፊው ወስዶ የዳሱ ምሰሶ አደረገው፤ ጣሳውን ማውረድ ግን ሰነፈ። አሁን በገበያ ቀን የቆላ ሰዎች ጣሳውን አይተው ይገቡና ቁጭ ብለው ጠላ ይጠብቃሉ። እሱም ዝም ብሎ ትከሻቸውን ይለካል። ባለፈው አንዱ ጠላ ፍለጋ ገብቶ ኮት ለብሶ ወጣ።

የእኛው ጉድ ግን ይበልጣል። ማዘጋጃ ቤቱ መጠጥ ቤት ሁሉ ስም ያለው ታፔላ ይስቀል አለ። የእኛ ቤት መቼ ስም ኖሮት ያውቃል? እንግዳ ደጃፉን ሳይረግጥ ብርሌ ይዘህ «ዱጋ! ዱጋ!»፣ ጠጡ፣ ጠጡ ትል ስለነበር ሰዉ ቤቱን «ዱጋ» እያለ ነበር የሚጠራው። ታፔላ ጻፊው ደግሞ ከሸዋ የመጣ ነው፤ ኦሮምኛ አይሰማም። በአማርኛ ልጻፈው ብሎ ባለሱቁን ሸምሱን ትርጉሙን ጠየቀው። ሸምሱን ታውቀዋለህ፤ ከጉራጌ አገር መጥቶ ኦሮምኛውን ከእኛ እኩል ያንበለብለዋል፣ የመጠጥ ስም ግን ሲነሳ አይወድም። ዱጋ «ጠጡ»ም ነው፣ «እውነት»ም ነው፤ እሱ ንጹሑን መርጦ ሰጠው። እኔ ጌሾ ልሸምት ነቀምቴ ሄጄ ስመለስ ደጃችን ላይ በቀይ ቀለም ተሰቅሎ ጠበቀኝ፤ «እውነት ቤት»።

መጀመሪያ ሳቅኩ። አንተ በውሸትህ ያቆምከው ቤት! ሰዉ መቼ ለጠጁ ብቻ መጣ፣ ወሬህን ሊሰማ ነበር እንጂ። ቆይቶ ግን ሳቁ ጠፋብኝ። ታፔላው ከተሰቀለ ወዲህ ሰዎቹ አፋቸውን ቆጠቡ። አንዱ «የእኔ በሬ እኮ» ብሎ ይጀምርና ደጃፉን ቀና ብሎ አይቶ ዝም ይላል። በወሰን የተጣሉ ጎረቤታሞች ለመማማል ይመጡ ጀመር፤ ይማማላሉ እንጂ አይጠጡም። ደንበኞችህ እንደ ልባቸው ወደሚዋሹበት፣ ወደ አስካለ ሄዱ። ላውርደው ብል ደግሞ እውነትን ከደጇ አወረደች ብለው ያሙኛል። ጠጁ በጋኑ ኮመጠጠ። ቤቱን ልዘጋው ነበር፣ ገመቹ። የአንተን ድምፅ የሰማሁበት ቤት ሌላ ስለሌለኝ ነው ቁልፉን ይዤ የቆየሁት።

ባለፈው የገበያ ቀን ጓደኛህ ኦቦ ዱፌራ የቀሩትን ሰዎች አስከትሎ ገባ። አልተቀመጠም። «አዴ ብዙነሽ» አለኝ፣ «ተከራክረን ነው የመጣን። ድልድዩ ሳይሠራ ገመቹ ድንጋይ መስሎት ጉማሬ ላይ ቆሞ ወንዙን ተሻገረ ያለን፣ እውነት ነው ውሸት? ውሸት ከሆነ እኛም ወደ ፍሪጁ እንሂድ።» ሁሉም አፍ አፌን ያየኝ ጀመር።

ያን ቀን ምሳህን ይዤ ወንዝ ዳር የደረስኩት እኔ ነኝ፤ የማውቀውን ታውቃለህ። ጉማሬው ውኃው ውስጥ ነበር፣ አንተ ዋርካው ላይ፣ ሱሪህ ደግሞ ዝቅ ብሎ ሌላ ቅርንጫፍ ላይ ለብቻው። ብናገር የአንተ ነገር አከተመ። ብዋሽ ደግሞ ያን ሁሉ መሐላ በሰማሁበት ቤት፣ በዚያ ታፔላ ሥር፣ ፈራሁ። የማደርገው ቢጠፋኝ የያዝኩትን ብርሌ ወደ ዱፌራ ዘረጋሁና የአንተን ቃል አልኩ፣ «ዱጋ!»

እኔ ጠጡ ነው ያልኩት። እነሱ ግን «እውነት ነው አለች!» ብለው ቤቱን በሳቅ አናጉት። አንዱ በሬውን ካቆመበት ቀጠለ፤ ሲመሽ በሬው ዛፍ ላይ ወጥቶ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ መደቡ ሞልቶ ነው የሚውለው። ጉማሬህም በዚህ ሳምንት ኮርቻ ተጭኖለታል።

ናፍቀኸኛል። ጠጅ ስጠምቅ አንተ ቀምሰህ ፊትህን የምታጨማድደው ይታየኛል፤ አሁን የሚነቅፈኝ ሰው የለም። ታፔላው ባለበት ይቆይ። እኔም እስካለሁ ድረስ ደጃፍ ቆሜ ዱጋ እላለሁ፤ ጉማሬህን ሳይሰማ የሚያልፍ እንግዳ አይኖርም።

ዋርካውን ግን ለማንም አልሰጥም። ስትወርድ እጄን ይዘህ፣ እባክሽ ለሰው አትንገሪ ብለኸኝ ነበር። ሱሪህን አቀበልኩህ እንጂ ምንም አላልኩም። አሁንም አላልኩም።

ያንተው ብዙነሽ