ያላሳወቅኩት ጡረታ

ሚስቴ ልትሆኚ ጥቂት ቀርቶሽ ለነበርሽው፤

እንደምን ከርመሻል? ስፌት ላይ አጎንብሰሽ ስትውዪ የሚቀላው ዓይንሽስ ተሻለው? እህትሽ ዘንድ እንደተመቸሽ ሰዎች ነግረውኛል፣ ደስ ብሎኛል። እኔ ደህና ነኝ። እንዲያውም ትናንት ከግብር ቢሮው ስወጣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ። ዘበኛው አብዷል ብሎኝ ይሆናል፣ ይበለኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። መጋዙ ጣቶቼን ሲወስዳቸው መንግሥት የአካል ጉዳት ጡረታ እንደወሰነልኝ ታውቂያለሽ። የማታውቂው ሌላ ጡረታም ነበረኝ፤ የእንጨት ሥራ ቤቱ ኢንሹራንስ በየወሩ ባንክ የሚያስገባልኝ። ፀጉር አስተካካዩ ጎረቤቴ የጉዳተኛ ጡረታ ግብር የለውም አለኝ፤ እኔም ሁለቱን አንድ አድርጌ ዝም አልኩ። ጉዱ የገባኝ ኋላ ነው። ሁለተኛው እንደ ማንኛውም ገቢ ይቆጠራል፣ በየዓመቱ ማሳወቅ ነበረብኝ። ከዚያ ወዲያ ፖስተኛው በሩን ባንኳኳ ቁጥር የግብር ቢሮ መጥሪያ ነው ብዬ ቤት የሌለሁ እመስል ነበር።

አንቺ ደግሞ ልክ በዚያው ሰሞን ጋብቻችንን እናስመዝግብ አልሽ። የተጋቡ ሰዎች ገቢያቸውን የሚያሳውቁት አብረው ነው፣ ሁለቱም ፈርመው። የአንቺ ስም ከእኔ ውሸት ሥር ሊገባ ነው። ልንገራት ብዬ አፌን ስከፍት ስለ ስፌትሽ እጠይቅሻለሁ። ታዲያ ምን አደረግኩ? በሶፋ ጨርቅ ተጣላሁሽ። አረንጓዴ ቤቴ አይገባም ብዬ ጮህኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ አረንጓዴ እወዳለሁ። አንቺ ሻንጣሽን ይዘሽ ስትወጪ አለመከተሌ እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

ትናንት ግን ቁርጤን ልወቅ ብዬ ማንም ሳይጠራኝ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያገኘኋቸው ሴት የእናቴ እኩያ ይሆናሉ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። እኔ እስር ቤት ስንቅ ማን ያመጣልኛል እያልኩ ሳስብ፣ እሳቸው ሻያቸውን ፉት አሉ። ከዚያ የመንግሥቱ ጡረታ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የተሰጠ ስለሆነ ግብር እንደማይነካው፣ የኢንሹራንሱ ግን እንደሚከፈልበት አስረዱኝ። ሳንደርስብህ ራስህ ስለመጣህ ቅጣቱ ይነሳልሃል፣ ያለፈውን ቀስ እያልክ ትከፍላለህ አሉኝ። በቃ ይኸው ነው ወይ ብላቸው፣ ልጄ ደግሞ ምን ፈልገህ ነበር አሉኝ። እንባዬ ቀደመኝ። ይህን ለመስማት ነው እንግዲህ ይህን ሁሉ ጊዜ በገዛ ቤቴ ስባንን የኖርኩት።

ቅጹን ሞልተው ሊጨርሱ ሲሉ ባለትዳር ነህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። የቀሩትን ጣቶቼን ማየት ጀመርኩ። ከዚህ ሁሉ ጥያቄ ይሄ ነው የከበደህ አሉኝ። ለጊዜው አይደለሁም አልኳቸው። ለጊዜው የሚባል መልስ የለም፣ ወይ አዎ ነው ወይ አይደለም ብለው ሳቁ። እስከ ወሩ መጨረሻ አጣርቼ ልምጣ ብዬ ለመንኳቸው። እንዲህ ያለ ነገር የሚያጣራ ሰው አይቼ አላውቅም እያሉ ቅጹ ላይ ያንን ቦታ ክፍት ተዉልኝ።

እህትሽን ሰላም በዪልኝ። እጅሽን ያበርታልሽ፣ ዓይንሽን ይጠብቅልሽ፣ ባለሽበት ክፉ አይንካሽ። ለእኔ መልስ ባትጽፊልኝ አልቀየምም፣ ይገባኛል። ለእሳቸው ግን የግድ አንድ መልስ ይዤ መሄድ አለብኝ።

እጮኛሽ የነበርኩት