ያጨበጨበው እጄ

እህት ዓለሜ፣
የዚህ የሳይንስ ጉባኤ አዳራሽ ወንበር እንደኛ ላብራቶሪ ዱካ አይቆረቁርም፤ ዛሬ ግን እሳት ሆነብኝ። አለቃችን መድረክ ላይ ወጥቶ «በቀላሉ ከምንም ጋር አይዋሃድም የሚባለውን ናይትሮጅን ሬኒየም ከሚባለው ብረት ጋር ተጣብቆ አገኘሁት» አለ። «ተበላሽቷል፣ ድፊው» ሲለኝ አልደፋም ብዬ ያቆየሁት፣ እኔው የሠራሁት ቢጫ ክሪስታል እኮ ነው! አንዲት ሴት «ብቻዎን ነው የሠሩት?» ስትለው፣ «ይቺ ልጃችን ዕቃ ታጥብልኛለች» ብሎ ወደኔ ጠቆመ። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እኔም አጨበጨብኩ። ከእሱ ይልቅ በገዛ እጄ አፈርኩ። ነገ የውይይት ሰዓት አለ፤ ይህንኑ እጅ አነሳለሁ።
ፖስትካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። ቤተሰቡን ሁሉ ሳሚልኝ። ለእማዬ ግን ማጨብጨቤን እንዳትነግሪብኝ፤ ተናግሬ ስመጣ እኔው እነግራታለሁ።